ከሁለት ወንዞች መገናኛ፣ ከኬሮ ከተማ፦ እንኳን ለእንቁጣጣሽ አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ! 2018 ዓ.ም. የጤና፣ የሰላምና የጥጋብ ዘመን ይሁንላችሁ። ይህን ስታነቡ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ፈልቶ፣ ደጃችሁ ላይ "አበባየሆሽ" የሚሉ ልጆች ቆመው ይሆናል። እኔ ዘንድሮም በዓሉን የተቀበልሁት መንገድ ላይ ነው። ከቺካጎ ወደ ሜምፊስ ጭነት ይዤ ስወርድ፣ ኢሊኖይ የምታልቅበት ጫፍ ላይ ትራኬን አቁሜ ነው የምጽፍላችሁ።

ያለሁበት ከተማ ስም ሲጻፍ ካይሮ ነው፤ የአገሩ ሰው ግን "ኬሮ" ይላታል። ከሁለት ቀን በፊት የሕዳሴው ግድብ ተመርቆ ስልኬ በዓባይና በካይሮ ወሬ ሲጮህ ከርሟል። በዚያ ሰሞን የመንገድ ሰሌዳ ላይ ይህን ስም ሳይ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ባሕር ዳር ያደግሁ ሰው ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ስሙም እንዲሁ አልወጣም። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሰዎች ትልቁን ወንዝና ለም ደለሉን አይተው የናይልን አገር አሰቡ። እስከ ዛሬ የኢሊኖይ ደቡብ "ትንሿ ግብፅ" ይባላል፤ በአቅራቢያው ቴብስና ካርናክ የሚባሉ መንደሮችም አሉ። የእኛው ወንዝ ዝና ነው እንግዲህ ባሕር ተሻግሮ እዚህ የደረሰው።

ከከተማዋ ደቡብ ጫፍ፣ ፎርት ዲፋያንስ ከሚባለው የድሮ ምሽግ ቦታ ላይ ሲቆሙ ሁለት ታላላቅ ወንዞች ሲቀላቀሉ ይታያሉ። በግራ ኦሃዮ ይመጣል፣ ማዶው ኬንታኪ ነው። በቀኝ ሚኒሶታ ካለ ሐይቅ የተነሳው ሚሲሲፒ ይወርዳል፣ ማዶው ሚዙሪ ነው። ውሃዎቹ ተገናኝተውም ወዲያው አይዋሃዱም፤ ቀለማቸው ተለይቶ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ልቤን የነካው ደግሞ ይህ ነው፦ እዚህ ቦታ ላይ ብዙውን ውሃ የሚያመጣው ኦሃዮ ሆኖ ሳለ ስሙ እዚሁ ይቀራል፤ ከዚህ በታች ሁሉም ሚሲሲፒ ነው። ካርቱም ላይ ብዙውን ውሃ ይዞ ገብቶ፣ ከነጭ ዓባይ ጋር ሲቀላቀል የራሱን ስም የሚተወውን ዓባይን ያላሰበ የጎጃም ሰው ካለ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጻፍ። ነጋዴዎች ይህን ቦታ ገና በ1818 ለከተማ መረጡት። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፣ በ1837 የመጣው ኩባንያም ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። ከተማዋ የቆመችው በ1850ዎቹ የባቡር ሐዲድ ሲደርስላት ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄኔራል ዩሊሰስ ግራንት በመስከረም 1861 ሰፈሩን እዚህ አደረገ፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ ቴነሲ ምሽጎች የዘመተው ከዚሁ ተነስቶ ነው። ከባርነት ያመለጡ ሰዎችም በሺዎች ወንዙን ተከትለው መጡ፤ ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። የኬሮ ጥቁሮች ታሪክ የሚጀምረው በእነዚህ ነፃነት ፍለጋ በመጡ ሰዎች ነው።

በ1920 ቆጠራ 15,203 ሰው ነበራት። በ2020 የተቆጠረው 1,733 ነው። ሰፊው ዋና መንገዷ አሁንም ለአሥራ አምስት ሺህ ሰው እንደተሠራ ነው፤ በግራና በቀኙ ግን ባዶ መሬትና ጣሪያቸው የወረደ የጡብ ሕንፃዎች ናቸው። በ1872 አካባቢ አንድ የዱቄት ነጋዴ የሠራው ታላቁ የማግኖሊያ መኖሪያ ቤትና ያረጀው የሳፎርድ ቤተ መጻሕፍት ግን ቆመዋል፣ ያምራሉም።

ምን ነካት? ቀላሉ መልስ መጓጓዣ ነው። ከወንዝ ወንዝ በጀልባ ማሻገር እንጀራዋ ነበር፤ በ1889 የባቡር ድልድይ ተሠራ፣ በኋላም የመኪና ድልድዮች ተከተሉ፣ በ1978 ደግሞ የኢንተርስቴት 57 ድልድይ ተከፍቶ እንደ እኔ ያለው ነጂ ሁሉ በጎን ያልፋት ጀመር። ይህ እውነት ነው። ግን ወንዝ ዳር ያሉ ሌሎች ከተሞችም ድልድይ ተሠርቶባቸው እንደዚህ አልሆኑም። እኔ ከድልድዩ በላይ የማምነው ሌላውን ነው።

ኅዳር 11 ቀን 1909 ዊሊያም ጄምስ የተባለ ጥቁር ሰው፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፊት በዋናው መንገድ በመብራት ባጌጠው ቅስት ሥር ተገደለ። ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ. ዌልስ ከቺካጎ ድረስ መጥታ የሆነውን መረመረች፤ እስረኛውን ያላስጣለው የወረዳ ሹም ወደ ሥልጣኑ እንዳይመለስ በአገረ ገዢው ፊት ቆማ ተከራከረች፣ ረታችም። በ1962 ወጣቶች "ለአባላት ብቻ" በሚል ጥቁር በማይገባበት መዋኛ ፊት ተንበርክከው ጸለዩ፤ ኋላ የምክር ቤት አባል የሆነው ጆን ልዊስ አብሯቸው ነበር። መዋኛውን አብሮ ከመዋኘት መዝጋት ተመረጠ። በሐምሌ 1967 ደግሞ ሮበርት ሀንት የተባለ የ19 ዓመት ወታደር በእረፍቱ ሳለ እስር ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን ሰቀለ አለ፤ ጥቁሩ ሕዝብ አላመነም፤ ከተማዋ ነደደች። ከ1969 ጀምሮ ጥቁሮቹ በማይቀጥሯቸው ሱቆች ላለመግዛት ተስማሙ፤ አድማው ለዓመታት ዘለቀ። ብዙ ባለሱቆች ጥቁር ሻጭ ቀጥሮ ከመክፈት ዘግቶ መሄድን መረጡ።

ይህን ባነበብሁ ቁጥር ያ የተዘጋ መዋኛ ነው ዓይኔ ላይ የሚቆየው። በሚያቃጥል የሐምሌ ሙቀት፣ በሁለት ወንዝ መሐል፣ ውሃን ለልጆች መከልከል!

ወንዙም ቢሆን አልተዋትም። "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" እንል የለ? ኬሮ ዙሪያዋን በጎርፍ መከላከያ ክትር የታጠረች ናት፤ በሰሜን መግቢያዋ፣ ባቡሩ በላዩ በሚያልፍበት ዋሻ፣ ጎርፍ ሲመጣ የሚወርድ ግዙፍ የብረት በር አለ። በሩ ሲወርድ ከተማዋ ደሴት ትሆናለች። በግንቦት 2011 ውሃው ከ1937ቱ ታላቅ ጎርፍ በልጦ ሲመጣ ሰዉ ከተማውን ለቅቆ እንዲወጣ ታዘዘ። ግንቦት 2 ሌሊት የአገሪቱ ጦር መሐንዲሶች ማዶ ሚዙሪ ያለውን የበርድስ ፖይንት ክትር በፈንጂ አፈረሱት፤ ከ50 ሺህ ሄክታር በላይ እርሻ ሰጠመ፣ ኬሮ ተረፈች። ከዚያ እርሻ ጋር ፒንሁክ የምትባል የጥቁር ገበሬዎች ትንሽ መንደርም ጠፋች። ገበሬ ዘመድ ላለው ሰው ይህ ታሪክ ከባድ ነው። ስለ ኬሮ መትረፍ ስናገር ፒንሁክን ሳልጠራ ማለፍ አልፈልግም።

በ2017 ደግሞ ያረጁት የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሊፈርሱ ተወስኖ 400 ያህል ሰው ሌላ ቤት እንዲፈልግ ተነገረው፤ ግማሽ ያህሉ ልጆች ነበሩ። የግሮሰሪ ሱቅም ለዓመታት አልነበራትም፤ በ2023 ነዋሪዎቹ ተደራጅተው የራሳቸውን የኅብረት ሱቅ ከፈቱ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት አዛውንት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመኪናዬ ወርጄ እጅ ነሳሁ። ከየት እንደሆንሁ ጠየቁኝ፤ ዛሬ በአገሬ አዲስ ዓመት ነው አልኋቸው። "ታዲያ ለብቻህ?" አሉና ወንበር ሳቡልኝ። ቀዝቃዛ ሻይ አመጡ። ለምን ከኬሮ እንዳልሄዱ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ወደ ጎረቤቶቻቸው ቤቶች ዘረጉ፤ ሁሉንም በስም ያውቋቸዋል።

ከእሳቸው ዘንድ ወጥቼ ወደ ክትሩ ስሄድ እርጥቡ ሜዳ ቢጫ ለብሷል። ጠጋ ብዬ አየሁት። አደይ አበባ አይደለም፣ ግን የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ቢደንስ ከሚባለው አንድ ወገን ናቸው፣ ይኼኛውም የሚያብበው በዚሁ በእኛ መስከረም ነው። አንድ ዘለላ ቆርጬ ትራኬ መስታወት ሥር፣ እናቴ ከሰጠችኝ ሥዕል አጠገብ አኑሬዋለሁ። ይኸው ፎቶውን ላክሁላችሁ፤ የዘንድሮ የእንቁጣጣሽ አበባዬን ከኬሮ ተቀበሉኝ።