የወንድሜን የክስ መዝገብ ከአንድ የቴክሳስ ገጠር ካውንቲ እንዴት አገኘሁት

ወንድም ጋሼ የኤል ፓሶን ጭነት አይወስድም ነበር። ከዳላስ ወደ ካሊፎርኒያ የሚጓዝ የትራክ ሹፌር አይ-20 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ምዕራብ ቴክሳስ ላይ ከአይ-10 ጋር ቢገናኝ ይቀናዋል። እሱ ግን ወደ ሰሜን ወጥቶ በአማሪሎ በኩል በአይ-40 ይዞራል። ለምን ስለው «በዚያ በኩል ነዳጅ ይወደዳል» ይለኛል፤ እኔም አምኜው ኖርኩ።

እውነቱን ያወቅሁት በ2023 የዜግነት ማመልከቻውን ስሞላለት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኤን-400 የሚባለው ቅጽ ተይዘህ፣ ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ያለፉትን አምስት ዓመታት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ዘመንን ሁሉ የሚመለከት ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ወንድም ጋሼ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ዝም አለ። ከዚያ «አንዴ አድሬያለሁ» አለኝ።

ነገሩ የሆነው በ2013 ነው። የትራክ መንጃ ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት በትንሽ መኪናው ጓደኛውን ሊጠይቅ ወደ ሎስ አንጀለስ እየሄደ ነበር። ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 80 ማይል ድረስ ነው፤ እሱ ከዚያም በላይ በጣም አልፎ ይነዳ ነበር። ፖሊሱ ቲኬት ሰጥቶ አልለቀቀውም፤ «በግድየለሽነት ማሽከርከር» ብሎ በካቴና ይዞት ሄደ። በካውንቲው (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) እስር ቤት አድሮ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ 500 ዶላር ከፍሎ ተለቀቀ። ወንድም ጋሼ የከፈለው ቅጣት መስሎት ነበር። በእጁ አንዲት ቁራጭ ወረቀት የለችም። የካውንቲውን ስም አያውቅም፤ ከሚድላንድ ከተማ በስተምዕራብ መሆኑን ብቻ ያስታውሳል። ቀኑን ግን አልረሳውም። «የደመራ ለት ነው፤ እናታችን በጠዋት ደውላልኝ ነበር» አለኝ። መስከረም 16 ማለት ሴፕቴምበር 26 ነው። በኋላ መዝገቡን ያወጣልን ይኸው ቀን ሆነ።

ማመልከቻው ላይ «አዎ» ካሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ፍርድ ቤቱ ያረጋገጠውን የመጨረሻ ውሳኔ ይፈልጋል፤ ጠበቆች «ዲስፖዚሽን» የሚሉት ነው። «የለም» ብሎ መፈረም ደግሞ ከነገሩ የባሰ ነው፤ በመሐላ ስር የተጻፈ ውሸት ስለሚሆን በአንድ ሌሊት እስር ሊቀር የነበረ ጉዳይ ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል። ወንድም ጋሼ «ዝም ብለን ብንተወውስ?» ሲለኝ የተቆጣሁት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያ ስህተቴን የሠራሁት ያን ዕለት ማታ ነው። «የማንንም ሰው የወንጀል ታሪክ በደቂቃ» ከሚሉት ድረ ገጾች ለአንዱ ገንዘብ ከፈልኩ። የወንድሜን መዝገብ አላገኘም። በእሱ ፈንታ በሌላ ስቴት የሚኖር፣ በስርቆት የተፈረደበት ሰው አመጣልኝ፤ ስሙ ከወንድሜ ጋር አንድ ነው፣ የልደት ቀኑም ጃንዋሪ 1። ወንድሜም በስደተኛ ካምፕ የተመዘገበው በጃንዋሪ 1 ነው። የልደት ቀኑን የማያውቅ ወይም ከእኛ አቆጣጠር ማስላት የቸገረው ስንቱ ወገናችን በዚያ ቀን እንደተመዘገበ ሳስብ ደነገጥኩ። ስምና የልደት ቀን ገጠመ ተብሎ ሥራ የተከለከለ፣ ቤት መከራየት የተነፈገ ሰው ይኖራል። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ስለ ሌላ ሰው እጃችሁ ቢገባ እባካችሁ ዋናው መዝገብ ካለበት ፍርድ ቤት ሳታጣሩ አትመኑት።

ቀጥዬ የቴክሳስ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ዲ ፒ ኤስ የሚባለው፣ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው ፍለጋ ገባሁ። ለአንድ ፍለጋ የሚከፈለው አንድ ዶላር ገደማ ነው። እዚያም ምንም አልወጣም። እፎይ ብዬ ነበር፤ ግን እፎይታው ያለ ቦታው ነበር። ያ ማውጫ ለሕዝብ የሚያሳየው የተፈረደባቸውን ሰዎችና ጥፋታቸውን አምነው ፍርዱ ለሙከራ ጊዜ እንዲቆይ የተደረገላቸውን ብቻ ነው። ክሱ የተዘጋለት ወይም ነጻ የወጣ ሰው እዚያ አይታይም። አለመገኘቱ ወንድሜ እንዳልታሰረ አያስረዳም።

ስለዚህ ወደ ካውንቲው መሄድ ግድ ሆነ። ቴክሳስ 254 ካውንቲዎች አሏት። አንዳንዶቹ ከአንድ ቀበሌ ያነሰ ሕዝብ ነው ያላቸው፤ በምዕራብ ያለችው ላቪንግ ካውንቲ በ2020 ቆጠራ 64 ነዋሪ ነበራት። ወንድም ጋሼን ካርታ ፊት አስቀምጬ የነዳጅ ማደያውን፣ ከእስር ቤቱ መስኮት የታየውን የውሃ ታንከር፣ የባቡር ሐዲዱን እያስታወሰ መንገዱን በጣት ተከተልን። ሁለት ካውንቲ ቀረን። ለሁለቱም ደወልኩ።

ስልክ ላይ ብዙ ቀን የፈጀብኝ ማን ምን እንደሚይዝ አለማወቄ ነው። እዚህ አገር አንድ ሰው ሲያዝ ወረቀቱ በአንድ ቦታ አይቀመጥም። ሸሪፉ፣ የካውንቲው የፖሊስ ኃላፊ፣ የያዘበትንና ያሰረበትን ወረቀት ይይዛል። ጠዋት ወንድሜ የቀረበበት ሽማግሌ ጀስቲስ ኦፍ ዘ ፒስ የሚባለው ትንሹ ዳኛ ነው፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ ስላለበት መብቱን ያነብለታል፣ የዋስትናውን ገንዘብ ይወስናል፣ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወዴት እንደሚሄድ በጥፋቱ ዓይነት ይወሰናል። ገንዘብ ብቻ የሚያስቀጣ ጥፋት ከሆነ በዚሁ ትንሽ ዳኛ ወይም በከተማው ፍርድ ቤት ይቀራል። እስር ሊያስከትል የሚችል ቀላል ወንጀል ከሆነ ወደ ካውንቲ ክለርክ፣ ወደ ካውንቲው መዝገብ ያዥ፣ ይሄዳል። ከባድ ወንጀል፣ ፌሎኒ የሚሉት፣ በዲስትሪክት ክለርክ ዘንድ ነው። በግድየለሽነት ማሽከርከር እስከ 30 ቀን ሊያሳስር ስለሚችል የእኛ ጉዳይ ካውንቲ ክለርክ ጋ መሆን ነበረበት። ነዋሪያቸው ከ8,000 በታች በሆኑ ካውንቲዎች ሁለቱን ክለርኮች አንድ ሰው ደርቦ ሊይዝ ይችላል፤ ትንሽነቱ የጠቀመን እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱም ክለርኮች ግን «በዚህ ስም መዝገብ የለንም» አሉኝ። አንደኛዋ በጽሑፍም ልትሰጠኝ ፈቃደኛ ነበረች። ልቀበላት አንድ ሐሙስ ቀርቶኝ ነበር! ማኅተም ያለበት «መዝገብ የለም» የሚል ወረቀት ለኢሚግሬሽን ይቀርባል፤ ጉዳዩም ያልቅ ነበር። ግን ሰውዬው ታስሯል። አንድ ሌሊት የታሰረ ሰው አንድ ቦታ ላይ መጻፍ አለበት።

እዚህ ላይ ነው የደመራው ቀን የጠቀመን። ለሁለቱ ሸሪፎች በጽሑፍ ጥያቄ ላክሁ፤ ስም ሳይሆን ቀን ጠቅሼ፦ ከሴፕቴምበር 25 እስከ 28 ቀን 2013 በግድየለሽነት በማሽከርከር የገቡ ሰዎች መሠረታዊ መረጃ ይሰጠኝ አልኩ። የቴክሳስ የሕዝብ መረጃ ሕግ የተያዘን ሰው ስም፣ የተያዘበትን ቦታና የተጠረጠረበትን ጥፋት የመሳሰለውን መሠረታዊ መረጃ መሥሪያ ቤቱ እንዳይደብቅ ያስገድዳል። አልሰጥም የሚል መሥሪያ ቤት በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ማመልከት አለበት። ይህ ሕግ ፍርድ ቤቶችን አይመለከትም፤ ሸሪፉን ግን ይመለከታል። በሁለተኛው ሳምንት ከአንዱ አንድ ገጽ ደረሰኝ። ወንድሜ ነበር፤ ስሙ ግን የእሱ አይመስልም።

የአባታችን ስም በ«ገብረ» የሚጀምር፣ በሁለት ቃል የሚጻፍ ስም ነው። የእስር ቤቱ መዝጋቢ «ገብረ»ን ጥሎ ሁለተኛውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎታል። የወንድሜ ስም በ«ፀ» ይጀምራል፤ እኛ በቲና በኤስ እንጽፈዋለን፤ እነሱ ቲዋን ትተው በኤስ ብቻ ጽፈውታል። ክለርኳ በጂ ስር ስትፈልግ የኖረችው ሰው በሌላ ፊደል ስር ተቀምጧል። የእኛን ስም የያዘ መዝገብ ስትፈልጉ ቢያንስ እነዚህን ሞክሩ፦ የአባትን ስም ሁለት ቃል ከሆነ በሁለተኛው ቃል፣ የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም፣ የራስንና የአባትን ስም ገልብጦ፣ «ቀ»ን በኬም በኪውም፣ «ፀ»ን ያለ ቲ። ቪዛቸው ላይ አንድ ስም ብቻ የነበራቸው ደግሞ «የመጀመሪያ ስም አይታወቅም» በሚለው የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል፣ ኤፍ ኤን ዩ፣ ስር ተመዝግበው ሊሆን ይችላል።

አንድ ሐሙስ ሌሊት ተነሥቼ ሰባት ሰዓት ያህል ነዳሁ። በስልክም ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ያን ፎልደር በዓይኔ ማየት ግን ፈለግሁ። ስደርስ እኩለ ቀን ሆኖ ቢሮው ለምሳ ተዘግቷል፤ አደባባዩ ላይ ከአንድ ዛፍ ስር አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። አገር ቤት ወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ እናቴን ተከትዬ የጠበቅኩት ሰዓት ትዝ አለኝ። ክለርኳ ስትመለስ የሸሪፉን ወረቀት ሰጠኋት። ለእሱ ምኑ እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። በእኛ አገር ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ ባለቤቱ አሻራውን ሰጥቶ የሚያወጣው ወረቀት ነው፤ እዚህ የፍርድ ቤት መዝገብ የሕዝብ ነው፤ ማንም መንገደኛ ገብቶ «አሳዩኝ» ማለት ይችላል። ከጀርባዋ ካለው ክፍል ቀጭን ፎልደር ይዛ መጣች።

አራት ገጽ ነበር። የክስ ወረቀቱ፣ የዋስትናው ደረሰኝ፣ የካውንቲው ዓቃቤ ሕግ ማስረጃ ስለማይበቃኝ ክሱ ይዘጋልኝ ያለበት ማመልከቻ፣ ዳኛው የፈረመበት ትእዛዝ። ትእዛዙ የተጻፈው በ2014 ጸደይ ነው። 500 ዶላሩም ቅጣት ሳይሆን ዋስትና ነበር፤ ይመለስለት የሚለው ደብዳቤ ወደ ቀድሞ አድራሻው ተልኮ ተመልሷል። ለገጹ አንድ አንድ ዶላር፣ ለማረጋገጫው አምስት ዶላር ከፍዬ የታተመበትን ግልባጭ ተቀበልኩ። ትእዛዙ ላይ የተጻፈው ስምና የወንድሜ ስም የአንድ ሰው መሆኑን ለማሳየት የልደት ቀኑና የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩ የሰፈረበትን ገጽም አብሬ አስገለበጥኩ። ይህን ባላስብ ኖሮ ለቃለ መጠይቁ የሌላ ሰው ወረቀት ይዞ እንደመቅረብ ይሆን ነበር።

ዛሬ ብጀምር በአሻራ እጀምራለሁ። ኤፍ ቢ አይ ማንም ሰው የራሱን ታሪክ በአሻራው እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ክፍያው 18 ዶላር ነው። አሻራ የስም አጻጻፍ አይመለከተውም። ወንድም ጋሼ ሥራ ላይ ስለነበር አዘገየነው፤ ውጤቱ የመጣው እኔ ፎልደሩን ካገኘሁ በኋላ ነው፤ የተያዘበት ቀንና ቦታ፣ የተሳሳተው ስም ጭምር በግልጽ ተጽፎበታል። ክሱ በምን እንዳለቀ ግን አይልም፤ ስለዚህ ወደ ክለርኩ መሄድ አይቀርም ነበር። ለሌላ ሰው ሲሆን ደግሞ ይህ መንገድ ዝግ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያማከርናት ጠበቃ አስጠነቀቀችን። ቴክሳስ ውስጥ «ዲፈርድ አጁዲኬሽን» የሚባል አለ፤ ጥፋተኛነትህን አምነህ የሙከራ ጊዜህን በሰላም ከጨረስክ አልተፈረደብህም ይባላል። ለስቴቱ እውነት ነው፤ ለኢሚግሬሽን ግን እንደ ፍርድ ይቆጠራል። የተሰረዘ መዝገብም ቢሆን ለኢሚግሬሽን መነገር አለበት። በየቤቱ «ተዘግቶልኛል» የሚል ወገን ምን ተብሎ እንደተዘጋ ትእዛዙን በዓይኑ ሳያይ ቅጹን ባይሞላ ደስ ይለኛል።

ያን ዕለት ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ደወልኩለት። ኦክላሆማ ውስጥ አንድ የትራክ ማረፊያ ቆሞ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ የት ነሽ?»

«እስር ቤትህ ፊት ለፊት። ክሱ ተዘግቷል፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት።»

መልስ አልሰጠኝም። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። ቆይቶ ቀኑን ድገሚልኝ አለ፤ ደገምኩለት፤ እንደገና ድገሚልኝ አለ።

ቃለ መጠይቁን ባለፈው ዓመት አለፈ። በመሐላው ማግስት የወሰደው የመጀመሪያ ጭነት የኤል ፓሶ ነበር።