ፍራንክፈርት–ለንደን፦ አርባ ደቂቃ ወይስ ግማሽ ቀን?

እህቴ ለንደን ናት፣ እኔ ፍራንክፈርት። እማዬ ከአዲስ አበባ ስትደውል «እዚያው ለእዚያው ሆናችሁ እንዴት አትጠያየቁም?» ትለናለች። ካርታ ላይ እውነቷን ነው። ቀጥታ በሰማይ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ–አስመራ እንኳ 700 ይጠጋል።

ትኬቱማ ጭራሽ ያሞኛል። ጠዋት 3 ሰዓት ተነስቶ 3፡40 ለንደን ይገባል ይላችኋል። ለንደን ከጀርመን በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች ነው። ስትመለሱ ያቺው አንድ ሰዓት ትጨመርባችሁና መንገዱ ሁለት ሰዓት ከ40 ይመስላል። ትክክለኛው አንድ ሰዓት ከ40 ገደማ ነው።

እሱም ቢሆን ሁሉ አየር ላይ አያልፍም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው የሚቆጠረው። በረራው ራሱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ ያለው ሁለት ማኮብኮቢያ ብቻ ስለሆነ ወረፋው ሰማይ ላይ ነው፤ ለንደን አካባቢ ባሉት መጠበቂያዎች፣ በቢገን ሂል ወይም በላምቦርን በኩል፣ እየዞራችሁ ተራ ትጠብቃላችሁ። ፍራንክፈርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ሰሜን ምዕራብ ማኮብኮቢያ ላይ ካረፋችሁ ገና ብዙ ይቀራችኋል። አውሮፕላኑ በጎማው እየተንከባለለ፣ አውራ ጎዳናውንና የፈጣን ባቡሩን ሐዲድ በድልድይ ይሻገራል። እኔ ይህን ቦታ እወደዋለሁ። ከሥራችን መኪኖቹ ጥለውን ይሄዳሉ!

ጊዜውን የሚበላው ግን ምድር ላይ ያለው ነው። ቀድሞ መድረስ፣ ፍተሻ፣ ከዚያ ፓስፖርት። እንግሊዝ ሼንገን በሚባለው፣ ድንበር ላይ ፓስፖርት በማይጠየቅበት የአውሮፓ አገሮች ስምምነት ውስጥ የለችም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ወዲህ አብዛኛው የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ በመታወቂያ ብቻ መግባት ቀርቶበታል። ከቤቴ በር እስከ እህቴ በር ግማሽ ቀን ብዬ ነው የምነሳው።

የማታ የመጨረሻውን በረራ አልይዝም። ፍራንክፈርት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አያስተናግድም። ለንደን ላይ ትንሽ ከዘገየ እዚያው ማደር ሊመጣ ነው።

ባቡርስ? እ.ኤ.አ. በ2010 የጀርመን ፈጣን ባቡር ለንደን ሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄዶ ለሕዝብ ታይቶ ነበር። ከፍራንክፈርት በቀጥታ፣ አምስት ሰዓት ገደማ ተባለ። አገልግሎቱ ግን ሳይጀመር ቀረ። ዛሬም ብራስልስ ላይ ወርዶ መቀየር ግድ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ቢሆንም ሻንጣ በኪሎ አይመዘንም። እህቴ ሽሮና በርበሬ ያሸከመችኝ ጊዜ የምመለሰው በእሱ ነው።