አንቴስቲያ የምንለው የቡና ትኋን፦ ወገኑ፣ ዝርያዎቹና የሚመገባቸው ዕፀዋት

ቡና ላይ የምናገኘውን ጋሻ መሳይ ትኋን ሁላችንም «አንቴስቲያ» እንለዋለን። ስሙ ግን አርጅቷል። የነፍሳት ተመራማሪው ሌስተን እ.ኤ.አ. በ1952 አንቴስቲዮፕሲስ የተባለውን ወገን (የቅርብ ዝርያዎች ስብስብ) ለይቶ ካወጣ ወዲህ የቡና ትኋኖች የሚመደቡት በዚያ ሥር ነው። አስተኔው (ከወገን የሰፋው ምድብ) ፔንታቶሚዴ ነው፤ ሲነኩት የሚገማው የጋሻ ትኋን።

በኢትዮጵያ ቡና ላይ ስሙ በብዛት የሚነሳው ኢንትሪካታ የተባለው ዝርያ ነው። ሌላው ዝርያ ተንበርጊ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ይገኛል፤ በድሮ ጽሑፎች «ኦርቢታሊስ» የሚለውን ካያችሁ እሱው ነው። ፋሴቶይደስ የምሥራቅ አፍሪካ፣ ክሊሜኔይስ የማዳጋስካር፣ ክሩሲያታ የእስያ ነው። በአፍሪካ አረቢካ ቡና ላይ ያሉትን ዝርያዎች ተመራማሪው ግሬትሄድ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት አንድ በአንድ ለይቷቸዋል።

ቀለም አይታመንም። ጥቁር ቡናማው፣ ብርቱካናማውና ነጩ ነጠብጣብ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ይለያያል፤ ርዝመታቸውም ሁሉም ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ቁርጡ የሚታወቀው በወንዱ የመራቢያ አካል ስለሆነ ለመለያ ናሙና ስትልኩ ወንዶች መኖራቸውን አረጋግጡ። 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ለዚህ ሥራ ግን ቀለሙ አያስፈልግም።

ምግባቸው ከቡና አስተኔ ከሩቢያሴ ብዙም አይወጣም። አረቢካን ይመርጣሉ፤ ፓቬታንና ካንቲየምን በመሳሰሉ የዱር ቁጥቋጦዎች ላይም ይኖራሉ። ፍሬ ሲጠፋ እምቡጥ፣ ለጋ ቀንበጥና ቅጠል ይመጣሉ። ማሳው ተረጭቶ ከከረመ በኋላ ትኋኑ ተመልሶ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት በዳር ያለው የቡና ዘመድ ነው። ለዚህ ብሎ ጫካ መመንጠር ግን ከትኋኑ የባሰ ጉዳት ነው።

ጥቁር እምቡጥ ያየ ሁሉ አንቴስቲያን አይክሰስ። ከሌላ አስተኔ፣ ከሚሪዴ፣ የሆነው ላምፕሮካፕሲዲያ የተባለ ትኋን (ቀድሞ ሊገስ ይባል የነበረው) እምቡጥን እንዲሁ ያጠቁራል። አንቴስቲያ ከሆነ የለጋ ፍሬ መርገፍ፣ ቀንበጥ ያለቅጥ መብዛትና የተበላሸ ፍሬ አብረው ይታያሉ። ፍሬውን ሲወጋ ኤሬሞቴሲየም የተባለ እርሾ መሳይ ፈንገስ ይገባል። ውስጡ ይበሰብሳል፣ ቅርፊቱ ደህና ይመስላል፤ ስለዚህ እሸት ለቀማ ላይ በዓይን አይለይም። በሩዋንዳና በቡሩንዲ የታወቀው የጥሬ ድንች ጣዕም ጉድለትም ከዚሁ ትኋን ጉዳት ጋር ይያያዛል፤ አንዲት ፍሬ ሙሉ ስኒ ታበላሻለች።

ቆጠራ በማለዳ ነው፤ ፀሐይ ከሞቀች ይሸሻሉ። ከዛፉ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ፒሬትረም (ከአበባ የሚሠራ ፀረ ተባይ) ርጩ ወይም ቅርንጫፉን አጥብቃችሁ አራግፉ፤ ቢያንስ 10 ዛፍ አዳርሱ፤ እጮችንም ጨምሩ። አማካዩ እርጥብ አካባቢ በዛፍ ከ1፣ ደረቅ አካባቢ ከ2 ካለፈ እርምጃ ይወሰዳል።

ከመርጨት በፊት ግን ቡናውን ግረዙ፤ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ይመቻቸዋል። ከቅጠሉ ሥር 12 ያህል ሆነው የተደረደሩትን እንቁላሎችም እዩ። ነጭ ከሆኑ በ10 ቀን አካባቢ ይፈለፈላሉ። ጠቁረው ከሆነ በውስጣቸው የትኋኑን እንቁላል የሚገድል ጥገኛ ተርብ አለ፤ አትንኳቸው፣ መርጨቱንም አቆዩት።