ጅቡ ቨርጂኒያ ላይ ቁርበት ሲያስነጥፍ

አሻንጉሊቱን ጅብ የሠራሁት እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ነው፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛችን ላይ። ሰውነቱ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ፣ ዓይኖቹ የፒንግፖንግ ኳስ ናቸው። እጆቹን የሚያንቀሳቅሱት ዘንጎች ከተሰበረ ጃንጥላ የወጡ ናቸው። ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ከጅቡ ጋር ግን በአማርኛ ታወራለች። ለምን ብላት «እሱ እንግሊዝኛ አይችልማ!» አለችኝ። የአሻንጉሊት ቴሌቪዥን ፕሮግራማችን የተጀመረው ከዚህ ነው።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ? የእኛው አያ ጅቦ የማያውቁት አገር ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። በየሳምንቱ ጨዋ ለመምሰል ይሞክራል፣ በየሳምንቱ ይጋለጣል። ሌላ የታሪክ መነሻ ፈልገን አናውቅም።

የምንተላለፈው ፐብሊክ አክሰስ በሚባለው ቻናል ነው። የኬብል ኩባንያ በየሰፈሩ ገመድ ለመዘርጋት ከከተማው ወይም ከካውንቲው ፈቃድ ይወስዳል። በ1984ቱ የኬብል ሕግ መሠረት አካባቢው በምላሹ ለነዋሪው የሚሆን ቻናል መጠየቅ ይችላል። ከኬብል ገቢውም እስከ 5 በመቶ ያስከፍላል። ስለዚህ እንደኔ ያለ፣ ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ ሰው፣ ትንሽ የአባልነት ገንዘብ ከፍሎ፣ ሥልጠና ወስዶ፣ ካሜራና ስቱዲዮ ይጠቀማል። ምን አልክ፣ ለምን አልክ የሚል የለም። ማስታወቂያ ግን ክልክል ነው። አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ጅቡ የእሱን ክትፎ እንዲያሞግስ ጥሩ ብር ሊሰጠን ነበር። እምቢ ማለቱ አመመኝ፣ አልዋሽም።

የመጀመሪያው ፕሮግራማችን ከተመደበለት ሰዓት በ40 ሴኮንድ ረዝሞ ከጣቢያው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መጨረሻችን ሁልጊዜ ዘፈን ነው። ዘፈን የትም ላይ ይቆረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ እጅ። ጀማሪ ሁሉ እጁን አሻንጉሊቱ አፍ ውስጥ አድርጎ ሲያስወራው አራት ጣቶቹን ወደ ላይ ያነሳል። ያኔ ግንባሩ እንደ ድስት ክዳን ይነሳል። መውረድ ያለበት አውራ ጣት ነው። አፉ የሚከፈተው እንደ ፊደሉ ቁጥር ሳይሆን እንደ ድምፁ ነው። «ብርድ» ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው፣ ሲነገር አፍ የሚከፈተው አንዴ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ስንሠራ ጅቡን የምናይበት ስክሪን ደግሞ መስታወት አይደለም። ከሥር ተንበርክኬ ወደ ቀኝ ስሄድ ጅቡ ስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ይሄዳል። ለጉልበት የሚታሰር ስፖንጅ ግዙ። ቀልዴን አይደለም።

ማንም ያልነገረኝ የአማርኛው ጣጣ ነው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ጅቡ «ትናንት ገበያ ሄጄ አንድ ትልቅ የበሬ አጥንት...» ሲል ገዛ ይሁን ሰረቀ ገና አልታወቀም። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ጭንቅላቱን እያወዛወዝኩ ጨርሼው፣ «ሰረቅሁ» ጋ ስደርስ ምንም አይቀረኝም ነበር። አሁን እስከ ግሱ ድረስ ዝም አሰኘዋለሁ። አየር ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «አዎ»ም አለች። ስፖንጅ አይተነፍስም። አፉን ሳልከፍት ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጌ ማቆም እንደሚበቃ የገባኝ በአጋጣሚ፣ ክንዴ ሲደነዝዝ ነው።

ለልጆች ብለን የጀመርነውን ያዩት የነበሩት ግን አያቶች ናቸው። የልጅ ልጅ ለማሳደግ የመጡ እናቶች፣ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉ። ኢንተርኔት አይነኩም፣ ቴሌቪዥኑ ግን ክፍት ነው። አንዲት እናት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ ያ ጅብህ ትልቅ ሰው አንተ ይላል። ማን አሳደገው?» በሚቀጥለው ሳምንት ጅቡ «እርስዎ» ማለት ተማረ። ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ ስለ እሱ ሆነ። ከሠራናቸው ሁሉ ያቺን ነው የምወዳት።

እንዴት ይህን ያህል ቆያችሁ ይሉናል። ደክሞንም ልንሠራው የምንችለው ነገር ስለሆነ ነው። ባለቤቴ ጦጣዋን ትይዛለች፣ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛችን ካሜራውን። አንድ ጊዜ በስድስት ሰው፣ በሦስት ካሜራ፣ በተሳለ መጋረጃ ሞከርን። ቆንጆ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ማንም ማንንም ስልክ አልደወለም። ወደ አንድ ካሜራና ወደ አንድ ጠረጴዛ ተመለስን።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። ስፖንጅ ያረጃል። በስምንተኛው ዓመት የጅቡን ጭንቅላት ከካርቶን ሳወጣው በእጄ ላይ እንደ በሶ ዱቄት ሆነ። ልኩን አልያዝኩም ነበር፣ በዓይኔ ነው የቆረጥኩት። አዲሱን ስሠራ አፍንጫው ረዘመ። ልጆቹ ወዲያው «ይሄ እሱ አይደለም!» አሉ። እኛም አመንን። የአያ ጅቦ ታናሽ ወንድም ነው፣ ዲቪ ደርሶት መጣ አልን። ትልቁስ? አገር ቤት ሊጠይቅ ሄዷል። እስካሁን አልተመለሰም።

ዛሬ ሰው ኬብሉን እያቋረጠ ነው። የጣቢያዎቹ ገንዘብ ከዚያው ስለሚመጣ በጀታቸው ይቀንሳል። የምንጠቀምበት ስቱዲዮም ሰዓቱን አሳጥሮታል። ዩቲዩብ ላይም እንጭነዋለን፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት የሚል ቀጠሮ ባይኖር የምንሠራው አይመስለኝም።

ባለፈው ወር የታናሽየውም አንገት መሰነጣጠቅ ጀመረ። አሁን ግን ከመፍረሱ በፊት ልኩን በወፍራም ካርቶን ላይ አስቀመጥኩ። ልጄ ከኮሌጅ ለእረፍት መጥታ ስለነበር በላዩ እንድትጽፍበት ማርከር ሰጠኋት። «የጂቦ ጪንቅላት» ብላ ጻፈች። አላረምኳትም።