አንድ ዘመድ፣ አንድ ወዳጅ፣ አንድ መንገድ፦ የጡረታችን የመጀመሪያ ዓመት

ሰኔ 2016 ላይ ጠመኔዬን አስቀመጥኩ። 34 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ። ባለቤቴ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድማ ከነርስነት ስለወጣች፣ ጡረታ ምን እንደሚመስል ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ፊቷ ላይ አየው ነበር። ደስ የሚል ነገር አልነበረም።

ነሐሴን በቴሌቪዥንና በጭቅጭቅ ገፋናት። ቡናው ስንት ሰዓት ይፈላ፣ መስኮቱ ይከፈት ይዘጋ፣ እንዲህ ያለ ነገር። አንድ ቀን ከለቅሶ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ «ቲቸር፣ የአክስትህን ልጆች ከዛሬ በፊት ያየናቸው መቼ ነበር?» አለችኝ። (ስታሾፍብኝ ቲቸር ነው የምትለኝ።) አሰብኩ። ያኔም ለቅሶ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውም ለቅሶ።

የዚያን ዕለት ማታ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አውጥተን ሦስት ዓምድ አሰመርን። ዘመድ፣ ወዳጅ፣ መንገድ። በየወሩ ከየዓምዱ አንድ አንድ። ዘመድ ማለት ሰው ሳይሞት፣ ሳይዳር፣ ክርስትና ሳይነሳ እንዲሁ ሄደን የምንጠይቀው። ወዳጅ ማለት ቢያንስ አምስት ዓመት ዓይን ለዓይን ያልተያየነው። መንገድ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጥተን የምናድርበት። 12 ወር፣ 36 ሳጥን። ጳጉሜን ለዕረፍት ተውናት።

አሁን ዓመቱ አለቀ። አስተማሪ ነኝ፣ ማርክ አልደብቅም። ዘመድ 9፣ ወዳጅ 7፣ መንገድ 4። ከ36ቱ 20 መሆኑ ነው፣ 55 በመቶ ገደማ። ማለፊያው 50 ስለሆነ አልፈናል፣ ግን በማርክ የሚኮራ ተማሪ አይደለሁም።

መንገዱ 4 ላይ የቆመው በገንዘብ ነው። የ34 ዓመት አገልግሎት ጡረታ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 60 በመቶ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25። ሰሌዳ ላይ ሲሰላ ያምራል። ዘይትና ጤፍ ገዝታችሁ ስትመለሱ ግን የሚያምረው ነገር የት እንደገባ አይታወቅም።

የመጀመሪያው ዘመድ መስከረም ላይ አሰላ ያለችው የባለቤቴ እህት ነበረች። ድንገት ብንደርስባት ደስ ይላታል ብለን ሳንደውል ሄድን። አዳማ አድረን፣ በሌሊት ተነስተን፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ በሩን አንኳኳን። ከፈተች፤ እኔን አየች፤ ባለቤቴን አየች፤ ነጠላዋን አየች። ከዚያ «ማነው?! ማነው የሞተው?!» ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኛ «ደህና ነን! ማንም አልሞተም!» ስንል እሷ ጭራሽ አልሰማንም፤ መርዶ የሚያረዳ ሰውም መጀመሪያ እንደዚያ ነዋ የሚለው። ለማረጋጋት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። አንደኛው ጎረቤት ለቅሶ መሆኑን አምኖ ወንበር ይዞ መጥቶ ነበር፤ ወንበሩን አስቀምጦ ቁርስ ከኛ ጋር በላ።

ስለዚህ ልትጀምሩ የምታስቡ ካላችሁ፣ ደውሉ። ስትደውሉም መጀመሪያ «ሁላችንም ደህና ነን» በሉ። ከምሳ በኋላ ድረሱ። ነጭ ነጠላ አታድርጉ።

ኅዳር ላይ አርባ ምንጭ ሄድን። ይቺን ትንሽ ላስረዝማት። ለ34 ዓመት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን በቅደም ተከተል አስቆጥሬያለሁ፦ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። አባያ ለምን ቀላ ይላል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ «በደለል ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው ገጽ አልፋለሁ። እዚያ ቆሜ ሳየው በግራ በኩል ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ ውሃ፣ በቀኝ በኩል ሰማያዊ ጫሞ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ቀጭን ጋራ። ዝም አልኩ። ባለቤቴ «አስተምረኝ እንጂ» አለች። የማስተምረው ጠፋኝ።

ጫሞ ላይ በጀልባ የአዞ ገበያ የሚባለውን አየን። ገበያ ቢባልም የሚሸጥ ነገር የለም፣ አዞዎቹ ዳር ላይ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አልሄድም ብላ ግማሽ ቀን የተከራከረችኝ ባለቤቴ ስልኳን ይዛ «ትንሽ ጠጋ በል» ስትለው ቀዛፊው ራሱ ደነገጠ።

ዶርዜ ወጣን። እዚያ ላይ ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ። ከቀርከሃ የተሠራው ረጅሙ ቤት ፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል። እግሩን ምስጥ ሲበላው ከታች እየቆረጡ ዝቅ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ያረጀ ቤት አጭር ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ቆጮ በማርና በዳጣ በላን። ዳጣው አስለቀሰኝ።

ስህተታችን አውቶቡሱ ነበር። ስንሄድ ቀኑን ሙሉ ሳናርፍ ተቀምጠን ስለዋልን የባለቤቴ ጉልበት አብጦ ሁለት ቀን አነከሰች። ስንመለስ ወላይታ ሶዶ አደርን። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ አለመቀመጥ ነው።

ለጥር ድሬዳዋን ይዘን ነበር፤ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ ሲበዛ፣ አዲስ አበባ እኛ ቤት ድረስ ብርጭቆ ሲንቀጠቀጥ፣ ተውነው። ልጆቹ ደግሞ «አባዬ፣ አንተ ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነህ!» ብለው ጮኹብኝ።

የካቲት። ኮተቤ መምህራን ኮሌጅ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ቢሾፍቱ ይኖር ነበር። ደብተሩ ላይ የወዳጅ ዓምድ የመጀመሪያው ስም የሱ ነው። ቢሾፍቱ ደግሞ ምን አላት፣ 45 ኪሎ ሜትር። እቅርብ ስለሆነ ለሚቀጥለው ሳምንት፣ ለሚቀጥለው ወር እያልን አርባ ምንጭ ድረስ ሄደን ተመለስን። የካቲት ላይ ስልክ ተደወለ። ለቅሶው ላይ ልጁ «አባዬ ትመጣለህ ብሎ ሁለት ጊዜ በግ ሊገዛ ነበር» አለኝ። ማታ ባለቤቴ «ያው ሄደናል፣ ምልክት አድርግበት» አለች። አላደረግኩም። ሕጉ እንደዚያ አይልም። በማግስቱ ተቀምጬ የቀሩትን ስሞች በሙሉ በርቀት ደረደርኳቸው፣ የቅርቡ መጀመሪያ። መጋቢት ብቻ ሦስት ሰው ጠየቅን፤ አንዱ ከኛ ሰፈር በእግር 20 ደቂቃ ነው፣ ስድስት ዓመት ሳንገናኝ።

ግንቦት ላይ ድሬን በባቡር ሄድን። እኔ ባቡር ሲባል የማውቀው ለገሃርን ነው። የአሁኑ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ለቡ በኩል ስለሆነ በጊዜ ውጡ፣ መታወቂያ አትርሱ። ፈንታሌ በመስኮት ሲታይ ምንም እንዳላደረገ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ድሬ ላይ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ሽርጥ ታጥቆ ጠበቀን፤ መልኩን ሳልለየው በሳቁ አወቅኩት። ሐረር በማግስቱ። አምስቱን በር ለመዞር ተነስተን ሦስቱን ዞረን ጉልበት እንቢ አለ። ባለቤቴ ከሁሉ የወደደችው የሐረሪ ቤት ውስጥ ያለውን መደብ ነው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። እቤት ከተመለስን ጀምሮ ሶፋው ላይ የኔ ቦታ በር አጠገብ ሆኗል።

ሐምሌ ሜሪላንድ ያለችው ልጃችን ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች። ደብተሩ ተዘጋ። ያንን ወር አልቆጥረውም፣ ቤቱ ራሱ አውቶቡስ ተራ ነበር።

ዛሬ ጳጉሜን 3 ነው። ለ2018 አዲስ ደብተር ገዛሁና ሦስቱን ዓምድ አሰምሬ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ባለቤቴ ቀድማ የመስከረምን መንገድ ሞልታዋለች። «የጉልበት ሐኪም» ይላል።