ንጉሡ ሠ የት ሄደ?

ትናንት ማታ ያው የማርቆስ ብርድ ነው። ጋቢ ደርቤ ላፕቶፔ ላይ ተደፍቻለሁ።

የፕሮግራም መለማመጃ ጥያቄ እየሠራሁ ነው፤ ጥያቄው ቀላል ነበር። ሁለት ቃላት ይሰጡሃል፤ የአንደኛው ፊደላት ቦታ ቢለዋወጡ ሁለተኛው ይወጣል ወይ? በቀለ እና ቀለበ እንደማለት። መጀመሪያ ፊደላቱን በቅደም ተከተል ደርድሬ አነጻጸርኩ። ይሠራል፤ ቃሉ ሲረዝም ግን መደርደሩ ጊዜ ይበላል። መቁጠር ይሻላል። የመጀመሪያው ቃል ላይ ፊደሉን ባገኘሁ ቁጥር አንድ እደምራለሁ፣ ሁለተኛው ላይ ባገኘሁት ቁጥር አንድ እቀንሳለሁ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ዜሮ ከሆነ ይገጥማሉ፣ አለቀ።

ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ለ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት 26 ቦታ ያለው አሬይ (ቁጥር የሚቀመጥባቸው ተራ ሣጥኖች) ሠራሁ። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ነው የሚያውቀው፤ ከፊደሉ ቁጥር 97 ሲቀነስ ቦታው ይገኛል፤ 97 የትንሿ የእንግሊዝኛ ኤ ቁጥር ነው። ፈተናውን አለፈ። ደስ ብሎኝ "በቀለ" ብዬ ሞከርኩ። ወዲያው ኤረር! «በ» በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ቁጥር በተሰጣቸው ሰንጠረዥ) 4704 ናት፤ 97 ሲቀነስ 4607። 26 ቦታ ብቻ ባለው አሬይ ውስጥ 4607ኛውን ፈልግ እያልኩት ነው። ራሴን ታዘብኩት። ሀ ሁ ቆጥሬ ያደግሁ ሰው፣ ኮድ ላይ ስቀመጥ የዓለም ፊደል ሁሉ 26 ይመስለኛል።

አሬዩን ማንኛውንም ፊደል ከነብዛቱ በሚመዘግብ ሀሽማፕ ቀየርኩትና ተስተካከለ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ያንኑ ቃል አንዱ ፀሐይ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ጸሀይ። ስለዚህ ከመቁጠሬ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ አዛወርኳቸው።

አጎቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከቢቸና መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ቅኔ መምህር ስለሆኑ የኔታ ነው የምንላቸው።

"ምንድን ነው የምትቆጥረው?"

አስረዳኋቸው። ጠጋ አሉ፤ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው።

"ንጉሡን ሠ የት ወሰድከው?"

"ከእሳቱ ሰ ጋር ቀላቀልኩት፣ የኔታ። ድምፃቸው አንድ አይደል?"

"ሠረቀ ፀሐይ ሲል በግእዝ ፀሐይ ወጣ ነው። በእሳቱ ከጻፍከውማ ፀሐይን ሌባ አደረግኸው!"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ስልክ ላይ ሲጽፍ ለዚህ የሚጨነቅ ሰው የለም ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። መልስም አልሰጡኝ። ለነገሩ ኮምፒውተሩም ከእሳቸው ጋር ነው፤ ሠ 4640፣ ሰ 4656፣ ለየብቻ ቁጥር አላቸው። የቀላቀልኳቸው እኔ ነኝ።

ማቀላቀያውን አጠፋሁት፤ የፈለገ ሰው ያብራው። የኔታ ግን አላመኑኝም። ያንኑ ሠረቀ አንዱን በንጉሡ፣ አንዱን በእሳቱ አስጻፉኝ። ፕሮግራሙ "አይገጥሙም" አለ። አነበብኩላቸው።

"እሱስ ያውቃል" አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።