የተሰወረውን ግለጥልኝ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አንድ አምላክ አሜን።

ሥላሴ ያደረጉልኝን ልመሰክር ተስያለሁና እነሆ።

ሲጀምረኝ ብርድ ብርድ ብሎኝ ያንቀጠቅጠኛል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፣ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ይወጋኛል። ታይፎይድ ነው ተባልኩ፤ መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ወይ ፍንክች። እዚሁ ጎንደር ሆስፒታል ገብቼ በአልትራሳውንድ ሲታይ ጉበቴ መግል ቋጥሯል። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን ቶሎ የሚጠረጠረው አሜባ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል የሚባል የአሜባ መድኃኒት ተጀመረልኝ። ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ቱቦ ገብቶ መግሉ ተቀዳ። ላብራቶሪ ያገኘው ግን ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ነበር። በመርፌ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶኝ ለቀቀኝ።

እናቴ ማለዳ ማለዳ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ትሳለማለች። ጸሎቷ «ማርልኝ» ብቻ አልነበረም፤ «የተሰወረውን ግለጥልኝ» ትላለች። «እማ፣ ድኛለሁ እኮ፣ ምን ቀረ?» ስላት «አንቺ ዝም በይ፣ የምለምነውን አውቃለሁ» አለችኝ። ከእሷ ጋር ማን ይከራከራል!

ልወጣ ስል ሐኪሙ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እናቴ፣ መግሉ ከየት እንደመጣ አላገኘንም። ሐሞት ከረጢትዎ ደህና ነው፤ ጠጠር የለበትም። ከአንጀት የሚነሣው ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው። ትልቁ አንጀት ውስጥ የቆሰለ ነገር ካለ ባክቴሪያው በዚያው ደም ሥር ተሻግሮ ጉበት ላይ ያርፋል። ጉበቱ መግል የያዘ ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ በእርስዎ ዕድሜ ግን ኮሎኖስኮፒ፣ ማለት ትልቁን አንጀትዎን ውስጡን በቱቦ ካሜራ፣ ሳይታዩ አይቅሩ» አለኝ።

እኔ ደም አላየሁ፣ ሆዴ አልደረቀ፣ አልከሳሁ። የነፍስ አባቴን ባማክር «ጸበሉንም ጠጪ፣ ሐኪሙንም ስሚ» አሉኝ። (አንዱን ጥለሽ አንዱን ያዢ የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩኝ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ አልሰማኋቸውም።)

ታየሁ። ትልቁ አንጀቴ ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ናሙናው ካንሰር ነው አለ። በቀዶ ጥገና ወጣልኝ። አብረው የተወሰዱት ንፍፊቶች ንጹሕ ሆኑ፣ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒትም አላስፈለገኝ። ስረግመው የከረምኩት መግል ባይነግረኝ ኖሮ ዕጢው ዛሬም በሆዴ ዝም ብሎ ያድግ ነበር። ሥላሴ የእናቴን ልመና የሰሙት በዚያ በመግሉ በኩል ነው።

ጥር 7 በንግሥ የተሳልኩትን መጋረጃ አስገባሁ፤ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ይህ ካንሰር የተገኘበት ሰው ወንድሙና እህቱም መመርመር አለባቸው መባሉን ስትሰማ ደግሞ ታላቅ ወንድሜን ያዘችው። «እኔን ምን አገኘኝ?» ቢላት «እሷስ ምን አግኝቷት ነበር?» አለችው። ቀጠሮ ይዟል፤ በጸሎታችሁ አስቡት።